የነገ ገንዘብ፣ የዛሬ ዳኛ

ሰው እጁ ያልገባ ገንዘብ ይሸጣል። ገና ያልታጨደ እህል፣ ቀኑ ያልደረሰ ወርኃዊ አበል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚከፈል የመሬት ኪራይ፣ ሁሉም ገዢ አያጣም። ገዢው ዛሬ ይከፍላል፣ ነገ ይቀበላል፤ ትርፉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ቸግሮት ስለሆነ ልዩነቱን ቁጭ ብሎ የሚያሰላበት ፋታ የለውም። እዚህ የምተርከው እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲፈጸም ዳኛ የት ቆሞ እንደነበር ነው፤ ከውሉ በፊት፣ ከውሉ በኋላ፣ ወይስ ጨርሶ የትም። ታሪኩ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለውን የባምባሲን ወረዳ ባልቲሞር ከምትባል ሩቅ የአሜሪካ ከተማ ጋር ያገናኛል። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው።

በደጋው አገር የቆየው ዘዴ ወለድ አገድ ነበር። ባለመሬቱ ገንዘብ ይበደራል። አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፤ በወለዱ ፈንታ መሬቱን ይዞ ያርሳል፣ ምርቱን ይበላል። ተበዳሪው ዋናውን ገንዘብ በመለሰ ቀን መሬቱን ይረከባል። ሲሰሙት ለሁለቱም የሚበጅ ይመስላል። ዳሩ ግን መሬቱን ያስረከበ ገበሬ ዋናውን ከየት አምጥቶ ይመልስ? ብድሩን የሚከፍልበት ምርት በአበዳሪው ጎተራ ነው። ስለዚህ የአንድ ክረምት ችግር የብዙ ክረምት ምርት ይበላ ነበር። ውሉ የሚፈጸመው በሽማግሌና በምስክር ፊት ነው፤ ዳኛ የሚጠራው ሰዎቹ ከተጣሉ በኋላ ብቻ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ብዙ ሐሳብ ከአውሮፓ ቢያመጡም ወለድ አገድን ግን አልጣሉትም፤ በቁጥር በተዘረዘሩ አንቀጾች ውስጥ አስገቡት። ለጉዳያችን የሚበልጠው ሕጉ ስለ ካሳ የተናገረው ነው። ሰው በሌላው ጥፋት ቢሞት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ አንቀጽ 2095 ይህ ካሳ በቀለብ መልክ እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ካሳው እንደ ደመወዝ እየቆየ የሚመጣ ገንዘብ መሆኑ ነው። አባት ቢኖር ኖሮ በየወሩ ያመጣው የነበረውን የሚተካ ስለሆነ አሰጣጡም እንደ አባት እጅ ነው።

ሕጉ ቀጥሎ ያደረገውን ልብ ያለው ያየዋል። በአንድ በኩል አንቀጽ 1962 ባለገንዘብ መብቱን ያለባለዕዳው ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ እንደሚችል ይናገራል፤ ሕግ ወይም ውል ካልከለከለው፣ የጉዳዩም ጠባይ ካላገደው በቀር። በሌላ በኩል የቀለብ መብት አይተላለፍም፣ አይያዝምም ይላል። ለዚህም ጠባብ ቀዳዳ ትቷል፤ ባለቀለቡን ለሚረዳ ተቋም ማስተላለፍ ይቻላል፣ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ነገር ያቀረበ ሰውም ሊያስይዘው ይችላል። ለልጁ ዱቄት በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ ቀለቡን ሊይዝ ይችላል፤ ቀለቡን በጅምላ ልግዛ ብሎ የመጣ ነጋዴ ግን አይችልም። ይህን ድንጋጌ ያነበበ ሰው አርቃቂው ድህነትን ያውቁ ነበር ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሕጉ ሦስተኛ መከላከያም አለው። የአንዱ ተዋዋይ ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ሆኖ የተገኘ ውል፣ ኅሊናን የሚቃረን ከሆነ፣ በአንቀጽ 1710 መሠረት ሊፈርስ ይችላል። ዳኛው እዚህ አለ፤ ነገር ግን የሚመጣው ውሉ ከተፈረመ፣ ገንዘቡም ከተበላ በኋላ ነው። ይህን ለኋላ እናቆየው።

የኢትዮጵያ ሕግ በታተመበት ዘመን አካባቢ ሌላ ዓለም ሌላ ችግር ያምጥ ነበር። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ዋለ፤ ለእርጉዝ ሴቶች የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ሆኖ ተሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታገድ እጅና እግራቸው ሳይፈጠር የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ነበሩ። በካናዳ ለእነዚህ ሕፃናት ካሳ ሲወሰን አንድ ጥያቄ ተነሣ። የሁለት ዓመት ሕፃን ስድሳ ዓመት ይኖራል፤ ገንዘቡን በአንድ ቀን ብንሰጠው በስንት ዓመት ያልቃል? መልሱ ካሳውን በዕድሜው ልክ በየጊዜው መክፈል ሆነ። በየጊዜው የሚከፈለው ካሳ በሰሜን አሜሪካ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጀ። አንቀጽ 5 መሬት በሽያጭ፣ በልዋጭ፣ በውርስ፣ በዋስትና፣ በወለድ አገድ ወይም በኪራይ እንዳይተላለፍ ከለከለ። የዘመናት ልማድ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ቆመ። ገበሬው መሬቱን ይዞ ሊሸጥ የሚችል ነገን አጣ፤ በወለድ አገድ ሊነጠቅ የሚችል ነገንም አጣ። ከዳኛ በፊትም ከዳኛ በኋላም የሚባል ነገር አልቀረም፤ በሩ ራሱ ተዘጋ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ድርቅ ማግስት፣ ከወሎ የተነሡ ሰፋሪዎች በአሶሳና በባምባሲ ሰፈሩ። ማኦውና በርታው በኖረበት፣ ከዳቡስ ወንዝ ወዲህ ባለው አገር፣ በስም ፈንታ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ተቆረቆሩ፤ ዛሬም በወረዳው መንደር አርባ ስንት እየተባሉ የሚጠሩ ቀበሌዎች አሉ። የወሎው ገበሬ ወለድ አገድን ከአያቱ ያውቀዋል። በባምባሲ ግን የሚያስይዘው የግል መሬት አልነበረውም፤ እርሻው የጋራ፣ ምርቱም በነጥብ የሚከፋፈል ነበር። ከ1982ቱ የኢኮኖሚ ለውጥ በኋላ የጋራ እርሻው ፈርሶ መሬቱ በየአባወራው ተከፋፈለ።

ሰፋሪው መንደር በሚሠራበት ጊዜ አሜሪካኖች የታሊዶማይዱን ሐሳብ ወደ ሕግ ለውጠው ጨርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 የተፈረመው ሕግ በጊዜ ተከፋፍሎ የሚመጣ የአካል ጉዳት ካሳ ከግብር ነፃ መሆኑን አጸና። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጥፋተኛው ወይም መድን ሰጪው ለተጎጂው በእጁ አይከፍልም፤ ከአንድ የሕይወት መድን ኩባንያ የረጅም ጊዜ አበል ይገዛለታል፣ ኩባንያው በየወሩ ይልካል። ግብሩን ለማትረፍ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ተቀባዩ ክፍያውን ማፋጠን፣ ማዘግየት፣ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይችልም። ገንዘቡ የእሱ ነው፣ ሰዓቱ ግን የእሱ አይደለም።

ንግድ የገባው በዚህች ስንጥቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄ.ጂ. ዌንትዎርዝን የመሰሉ ኩባንያዎች ብቅ አሉ። ኋላም በቴሌቪዥን እየዘፈኑ ወርኃዊ አበል ያላችሁ ሁሉ ኑና በአንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ውሰዱ ይሉ ጀመር። ሥራው እጅግ አትራፊ ነበር። ሒሳቡን በእኛ ብር እናስበው። በወር 3,000 ብር ለአሥር ዓመት የሚቀበል ሰው በድምሩ 360,000 ብር ይመጣለታል። ገንዘብ በወር 1 በመቶ ይወልዳል ብለን ብናሰላ የዚህ ሁሉ የዛሬ ዋጋ ወደ 209,000 ብር ነው። ገዢው መጥቶ 90,000 ብር በእጅህ ቢለው፣ ሻጩ በወር ከ3 በመቶ በላይ ወለድ እየከፈለ እንደተበደረ ይቆጠራል። ማንም የከተማ አራጣ አበዳሪ አያፍርበትም። ግን ማስታወቂያው ስለ ወለድ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የኢሊኖይ ግዛት ሽያጩ ያለ ዳኛ ፈቃድ እንዳይጸና አደረገ። ሌሎች ግዛቶች ተከተሉት፤ ነገር ግን ኩባንያዎቹ ሕግ ከሌለበት ግዛት ሆነው መሥራት ይችሉ ስለነበር ነገሩ ወንፊት ሆኖ ቆየ። የዘጋው ክስተት ከካሳ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን ጥቃት ደረሰ። ፔንታጎን ላይ በወደቀው አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር የኔነህ በትሩ ነበር፤ ዕድሜው 35፣ ለአዲስ አበባ የኩላሊት እጥበት ማሽኖች ሲያሰባስብ የቆየ ሰው። ለሟች ቤተሰቦች የግብር እፎይታ ለመስጠት ኮንግረሱ ያወጣው ሕግ ጥር 15 ቀን 1994 ተፈረመ፤ በውስጡም የአበል ሽያጩን የሚመለከት ድንጋጌ ተሰንጎ ወጣ።

ድንጋጌው ሽያጩን አልከለከለም። ለገዢው ምርጫ ሰጠው፤ ወይ አስቀድመህ ከግዛቱ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አምጣ፣ ወይ ከዋጋው በቆረጥከው ልዩነት ላይ 40 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ክፈል። ሁሉም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው የሚጠየቀው በሻጩ ላይ የሚመዘን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሽያጭ የተቀባዩንና የጥገኞቹን ደኅንነት ከግምት አስገብቶ ለእሱ የሚበጅ ነው ወይ? ገዢው ደግሞ በግዛቶቹ ሕግ መሠረት ከችሎቱ ቀናት አስቀድሞ የክፍያውን ድምር፣ የዛሬ ዋጋውን፣ የሚቆረጠውን ወጪና በእጅ የሚሰጠውን ገንዘብ በግልጽ ጽፎ ለሻጩ መስጠት አለበት። በወረቀት ሲታይ ይህን የመሰለ ጥበቃ ማግኘት ከባድ ነው። ዳኛው ከውሉ በፊት ተቀምጧል፤ ቁጥሩም ፊቱ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ በዚያው ዘመን የሆነው ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ደነገገ፤ ኪራይ ግን ቀስ እያለ ተመለሰ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ገበሬ ከይዞታው ሳይፈናቀል መሬቱን እንዲያከራይ ፈቀደ። ሁለት ነገር አስገደደ፤ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰብ አባላት በሙሉ ይስማሙ፣ ውሉም ሥልጣን ባለው አካል ቀርቦ ይጽደቅና ይመዝገብ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ2002 ዓ.ም. የራሱን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 85 አወጣ። እንግዲህ በባምባሲ የነገን ገንዘብ ዛሬ መሸጥ የሚቻልበት በር በዚህ ተከፈተ። ጥንድ በሬ የሌላት ባልቴት መሬቷን ለብዙ ዓመት አከራይታ ኪራዩን አስቀድማ በአንድ ጊዜ ብትወስድ፣ ያደረገችው ከአሜሪካው አበል ሻጭ የተለየ አይደለም። የፈራጁን ወንበር የያዘው የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። እሱ የቤተሰቡን ስምምነት ይጠይቃል፣ እንዳትፈናቀል ያያል፤ ዋጋውን ግን አይጠይቅም። በሦስተኛው ዓመት የምትቀበለው ኪራይ ዛሬ ስንት ነው ብሎ የሚያሰላላት ሰው በሕጉ ውስጥ የለም።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። መንግሥት መሬት ሲወስድ ገበሬው በቋሚነት ከተፈናቀለ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ካለፉት ሦስት ዓመታት በከፍተኛው ዓመት ገቢ አሥራ አምስት ጊዜ አደረሰው። የነገ ገንዘብ ወደ ዛሬ ሲመጣ እዚህ ቅናሽ አይደረግበትም። የግል ገዢ እንዲህ አይገዛም። ያም ሆኖ ዕድሜ ልኩን በእህልና በዓመት የኖረ ሰው የአሥር ዓመት ገቢውን በአንድ ማለዳ ሲቀበል ምን ያደርገዋል የሚለውን የሕግ አውጪው ቀመር አይመልስም፤ ካናዳውያን የታሊዶማይዱን ሕፃን ፊት ለፊት አስቀምጠው የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ባልቲሞር እንሻገር፤ የአሜሪካው ሕግ ፈተናውን የወደቀው እዚያ ነውና። የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ እርሳስ በተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ነበር። ቀለሙ ሲላላጥ ሕፃናት ይበሉታል፤ እርሳሱ አእምሮን ይጎዳል፣ የማመዛዘንና የማንበብ ችሎታን ይቀንሳል። ብዙ ቤተሰቦች የቤት ባለቤቶችን ከሰው ረቱ፤ ካሳውም ልጁ አድጎ እስኪሸመግል ድረስ በየወሩ እንዲከፈል ተወሰነ። ከዚያ ልጆቹ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላቸው፤ ገዢዎቹም በራቸውን አንኳኩ። እዚህ ላይ ያለው ምጸት የሚያም ነው። ካሳው የተሰጠው ውል የማገናዘብ ችሎታውን ላጣ ሰው ነው፤ እንዲፈርም የሚጠየቀው ደግሞ ውል ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2015 የ25 ዓመቱ ፍሬዲ ግሬይ በባልቲሞር ፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት የአከርካሪ ጉዳት ሞተ፤ ከተማዋም ተነሣች። ጋዜጠኞች ሕይወቱን ሲመረምሩ እሱና እኅቶቹ በሕፃንነታቸው በእርሳስ የተመረዙ፣ ወርኃዊ ካሳም ያላቸው መሆናቸው ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዋሽንግተን ፖስት ባወጣው ዘገባ መሠረት ቤተሰቡ በድምሩ 435,000 ዶላር የሚሆን፣ የዛሬ ዋጋው ወደ 280,000 የሚገመት አበል ሸጦ የተቀበለው 54,000 ዶላር ገደማ ነበር። እውነተኛ ስሟ ያልተገለጸ ሌላ ወጣት ሴት ደግሞ እስከ 2052 የሚዘልቅ፣ 574,000 ዶላር የሚጠጋ አበሏን ሸጣ ከ63,000 ዶላር በታች ወስዳለች።

እያንዳንዱን ሽያጭ ዳኛ ፈቅዶታል። ይህን ደጋግሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ሕግ ነበረ፣ ወረቀት ነበረ፣ ቁጥሩ ተጽፎ ነበረ፣ ዳኛም ነበረ። ሕጉ ሻጩ ገለልተኛ አማካሪ እንዲያነጋግር ያዝዝ ነበር፤ የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 አክሰስ ፈንዲንግ በተባለው አበል ገዢ ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ አማካሪ የተባለው ጠበቃ የሚከፈለው ከኩባንያው እንደነበርና የሚሰጠው ምክርም ከስም የዘለለ እንዳልነበረ አመለከተ። ባልቲሞር ያለችበት የሜሪላንድ ግዛትም በዚያው ዓመት ሕጉን አጠበቀ፤ ገዢዎች እንዲመዘገቡ፣ ማመልከቻውም ሻጩ በሚኖርበት አውራጃ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አደረገ። ለእኔ እንደሚመስለኝ የተበላሸው የሕጉ ዓላማ ሳይሆን የችሎቱ አቀማመጥ ነው። ተከራካሪ በሌለበት ችሎት ገዢውም ሻጩም አንድ ነገር ይለምናሉ፤ ዳኛው ሁለቱም የፈለጉትን ለምን ይከልክል? እምቢ የሚለው ብቸኛው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ያለው ሻጭ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልመጣም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጉዳዩ ወደ ቤታችን መጣ። ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ በዚያው ዓመት ከለየው ገንዘብ 50 ሚሊዮን ዶላሩ በኢንዶኔዥያና በኢትዮጵያ በወደቁት ሁለት አውሮፕላኖች ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ ሟች 144,500 ዶላር ደረሰ። አከፋፋዩ ኬነዝ ፋይንበርግ ነበሩ፤ የመስከረም 1 ቀን 1994ቱን ጥቃት ሰለባዎች የካሳ ፈንድ ያስተዳደሩትም እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በተደረሰው ስምምነት ደግሞ 500 ሚሊዮን ዶላር ለቤተሰቦች ተመደበ። ከዚህ ሌላ ቤተሰቦች በቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት የየራሳቸውን ክስ መሥርተው ነበር። በዚያ ፍርድ ቤት ደንብ የሕፃን ካሳ ስምምነት ያለ ዳኛው የጽሑፍ ፈቃድ አይጸናም። በኢትዮጵያም የቤተሰብ ሕጉ ሞግዚት በልጁ ሀብት ላይ ከበድ ያለ ውሳኔ ሲወስን የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዛል። በሕፃን ጉዳይ ሁለቱም አገሮች ዳኛውን ከውሉ በፊት ማስቀመጣቸው አያስገርምም። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላው ግን ያ ዳኛ ይነሣል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ አካሉ ለተጎዳና የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ እንዲከፈለው አደረገ፤ ይህ ክፍያ ለሌላ እንዳይተላለፍ፣ እንዳይያዝ፣ በዕዳም እንዳይቻቻል ከለከለ። የ2014ቱ የጡረታ አዋጆች ቁጥር 1267 እና 1268 የጡረታን መብት በዚሁ መንፈስ አጥረውታል። ስለዚህ ባምባሲ ላይ ያለ ጡረተኛ መምህር አበሉን ሊገዛው የመጣ ነጋዴ ቢያጋጥመው ሕጉ ከመምህሩ ጋር ነው። ዳኛ መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ዳኛ ቢፈቅድም አይጸናም። አሜሪካ በር ከፍቶ ዘበኛ አቆመ፤ እኛ በሩን በግንብ ደፈንነው።

ግንቡን ለማወደስ ግን አልቸኩልም። የአሜሪካው ሒሳብ የቆመው ዋጋውን ቀስ ብሎ በሚያጣ ዶላር ላይ ነው። እኛ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የዋጋ ንረት አየን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ ቢንር፣ ዛሬ የተቆረጠ 3,000 ብር ወርኃዊ አበል በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ የሚገዛው ዛሬ በ220 ብር የሚገዛውን ያህል ነው። እንዲህ ባለ አገር ገንዘቤን ዛሬ ስጡኝ የምትል ባልቴት ሞኝ አይደለችም፤ ከሒሳብ ባለሙያው ይልቅ ገበያውን ታውቃለች። ላም ገዝታ ብታስር፣ ቤቷን ቆርቆሮ ብታለብስ፣ የአሥር ዓመት አበል ከመጠበቅ ታተርፋለች። ሜሪላንድ ያለው ዳኛ በቀላሉ የሚከለክለውን ሽያጭ ባምባሲ ያለው ዳኛ መፍቀድ የሚገባው ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ዳኛ ነው። ለምን ትሸጫለሽ፣ ስንት ይሰጥሻል፣ ከሌላ ቦታ ጠይቀሻል?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የ1997ቱን የገጠር መሬት አዋጅ ተካ፤ ገበሬ የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደ። በ1967 ከወለድ አገድ ጋር አብሮ የተዘጋው በር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በባንክና በመዝገብ በኩል ተከፈተ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አሁን ወለዱ በቁጥር ተጽፎ ይታያል፣ አበዳሪውም በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነው።

የቀረ አንድ ክፍት አለ፤ እሱም ትንሽ አይደለም። በባምባሲ መንገድ ላይ መኪና ሰው ቢገጭ፣ ጉዳዩ በወረዳው ፍርድ ቤት ከመወሰኑ በፊት ሽማግሌዎች ይገባሉ። ባለመኪናው ለተጎጂው በየወሩ ይህን ያህል ለዚህን ያህል ዓመት ይክፈል ተብሎ በስምምነት ቢያልቅ፣ ተጎጂው አሁን የያዘው ከውል የመነጨ መብት ነው። የሟች ቤተሰብ ቀለብ ስላልሆነ የቀለቡ ክልከላ አይደርስበትም፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ስላልሆነ የሠራተኛ አዋጁ አይሸፍነውም፤ ጡረታም አይደለም። በአንቀጽ 1962 መሠረት ለፈለገው መሸጥ ይችላል። የሚያጸድቀው ዳኛ የለም፤ እንደ መሬቱ ኪራይ የቤተሰብ ስምምነት የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤትም የለም። ዋጋው ኅሊናን የሚቃረን ቢሆን በአንቀጽ 1710 ይፍረስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ለዚህ ግን ሕጉ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ሁለት ዓመት ብቻ ይሰጠዋል። የአሥር ዓመት አበሉን በሐኪም ቤት ዕዳ ተጨንቆ የሸጠ ሰው፣ ምን እንደሸጠ ቆጥሮ በተረዳ ጊዜ፣ የመክሰሻው ቀን አልፎ ገዢው የሚቀበለው ክፍያ ገና ስምንት ዓመት ሊቀረው ይችላል።